መጀመሪያ ወደ ራስሽ ሳቢው

ዊለንሆል ላይ ድሮ፣ ቁልፍ ሠሪ ሁሉ ሞረድ ላይ ጎብጦ ውሎ፣
ማታ መጠጥ ቤቱ ለጉብጡ ማረፊያ ነበረው አሉ፣ ግንቡ ተፈልፍሎ።
እኔ ያን አላየሁም፤ የእኔ ዘመን ጉብጠት ሌላ፤
ኦድሪ ትራንተር ናት፣ መዝገቤ ላይ አቀርቅራ፣ ሻይዋ በርዶ ከኋላ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ይዣለሁ፣ ለእሷም ለአባቷም፤
ቁጥር ዋሽቶኝ አያውቅም፣ እኔም አልዋሸኋትም።
ያን ለት ማታ ግን ድምሩን ሦስቴ ደምሬ፣ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ፤
«ድርጅቱ ሞቷል» ለማለት አፌ እምቢ ብሎኝ፣ «ደክሟል» አልኩ።
«ደክሟል አትበል» አለች፤ «የደከመ ይተኛል፤
ይሄ ግን ቆሞ እየሄደ የሰው ገንዘብ ይበላል።»

የግብር ቢሮው ደብዳቤ ሦስተኛው ነው፤ «በሃያ አንድ ቀን» ይላል፤
ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወዲያ በራችንን ሌላ ሰው ይዘጋል።
ወንድሟ ሌነርድ ደወለ፦ «ዝም በዪ፣ ይምጡና ራሳቸው ይዝጉት፤
እስከዚያ ናስ በዱቤ ውሰጂ፤ ሻጮቹ እንደሆነ ገና አልሰሙት።»
«ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት» አለችው «ይኼ!
የማልከፍለውን መውሰድ ስርቆት ነው፣ በደረሰኝም ይሁን በፊርማዬ።»

ማክሰኞ ዎልቨርሃምፕተን ሄድን፣ ዝናቡ ካፖርታችንን ዘልቆ እያረጠበን፤
አጣሪዋ ወጣት ናት፣ ታንዚላ ትባላለች፤ ፎጣ ይዛ ተቀበለችን።
«በፈቃድሽ ስትዘጊ መዘጋቱ አይቀርም፤ ቀኑን ግን አንቺ ትቆርጫለሽ፤
ሠራተኛው ከአፍሽ ይሰማል፣ ባለገንዘቡም ከደብዳቤሽ።»

ኦድሪ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ «ሽማግሌው ፔርሲ፣ የቁልፍ ሞላ ሲያቀርብልን የኖረው፣
አራት ሺህ ፓውንድ አለበት እኛ ላይ። ለሱ እንኳ ዛሬ ልክፈለው።»
«አይቻልም» አለች ታንዚላ፤ በለስላሳ ድምፅ፣ ግን አይቻልም።
«ለወዳጅሽ ስታደዪ ከማታውቂው ሰው ኪስ ነው፤ እዚህ ሰልፍ ላይ ወዳጅ የለም።»
«እኔስ ያበደርኩት?»
«አንቺም እዚያው ሰልፍ ውስጥ።»
ኦድሪ ሳቀች። ከገና ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤
አጣሪዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፣ እኔም የፎጣውን ጫፍ ስቆጥር።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኖቹን አስቆመች። አሥራ አንድ ሰው።
ባልቢር ብቻ አላቆመም፤ የጀመረውን ቁልፍ በእጁ ሞርዶ ጨረሰው።
«ቀሪ ደመወዛችሁን መንግሥት እንዲከፍል ቅጽ አለ፣ አብረን እንሞላለን፤
ከዛሬ ጀምሮ ናስ አንገዛም፣ ትዕዛዝ አንቀበልም፤ ያለንን እንቆጥራለን።»
ጆይስ ስለ ጡረታዋ ጠየቀች፣ ክሊፍ ማን ይገዛው እንደሆነ የብረት መቁረጫ፤
ኦድሪም የማታውቀውን «አላውቅም» አለች፣ ሳትፈልግ ማምለጫ።
ሰማይ አልተደፋም።
አንዱ ሄዶ ሻይ ጣደ፤ ስኳር ማን እንደጨረሰው ተጨቃጨቁ፣
እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት የሰማሁትን ጭቅጭቅ ስሰማ፣ ዓይኖቼ ሞቁ።

ባለገንዘቦቹ ድምፅ ሰጡ። ፔርሲም እንደ ሌላው ሰጠ፤
ከወረቀቱ ጥግ «አባትሽን አውቀው ነበር» ብሎ ጽፎ፣
ከአራት ሺው ግን ሰባራ ሳንቲም ሳይቀንስ አስቀመጠ።

የበሩ ቁልፍ አያቷ የሠራው ነው፤ ታንዚላ ብታዞረው፣ ብታዞረው፣ እምቢ አላት፤
ሠሪው ሞቶ ያልሞተ፣ ለአዲስ እጅ የማይገዛ እልህ አለበት።
ኦድሪ ከኋላ ቆማ ታያለች። ቁልፉን አስረክባለች፤
መርዳት ከእንግዲህ ግዴታዋ አይደለም፤ ይህንንም ታውቃለች።
«መጀመሪያ ወደ ራስሽ ሳቢው» አለቻት፤ «ትንሽ። ከዚያ ይዞራል» ብላ፣
እጇን በኪሷ እንዳደረገች፣ በቃል ብቻ መራቻት ከበር።
ጠቅ አለ።
ዞራ ወደኔ ስትመጣ ጀርባዋ የተቃና መሰለኝ፤ እንጃ፣ መሽቶ ነበር።