ጠዋት ያንኳኳል

ጠባሴ ነው ጋራዤ፣ ውርጭ በሩን በሚገፋበት፣
ከተማው ብርድ ልብስ ሸምኖ ብርዱን ባልሸጠበት።

ላቀው ካርቶን ታቅፎ ገባ፣ ክርስትና እንደሚያስነሣ፤
መፍቻዬን ገፍቶ ደረደረ፣ ከአራቱ አንዱን አነሣ።
«እዪው ዘነቡ፣ መስታወት ነው፣ ጸጉርሽን አበጥሪበት፤
ቱርቦ አስገጥሜያለሁ፣ ጣርማበርን ሳልለምን የምወጣበት።
ሠላሳ ሰው ከውስጥ፣ ከላይ ሽንኩርት፣
በሁለተኛ ማርሽ እየጸለይኩ ስንት ዓመት ወጣሁት፣ ስንት!
ፋሻውንም አፍ ላፍ ግጠሚልኝ፣ አየር አይለፍበት።»

ሳቄ መጣ። መኪናው ቅጥቅጥ፣ ፒስተኑ ቅጥቅጥ፣
ባለቤቱም ከመንገዱ ጋር ሃያ ዓመት ሲቀጠቀጥ።

ፒስተን ሁለት ዓይነት ነው።
አንዱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣
ልኩን የሚያውቅ፣ ቢሞቅም እምብዛም ያልተነፈሰ፣
ጠዋትም ማታም ዝም ያለ ጎረቤት፤
ግን ቱርቦ ሲያጎርሰው፣ ጉርሻው ሲበዛበት፣
አናቱ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን፣ ከዳገት።
ሌላው ተቀጥቅጦ፣ ተጨፍልቆ የወጣ ነው፣
ዱላ የለመደ፣ እሳት የማይገርመው፤
ብቻ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቦታ ስጡኝ ይላል፣
የነፈጉት ዕለት ካሚሻውን ይዞ ይሞታል።

ጋሽ ደምሰው ሲያስተምረኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
ቃሉ ሁሉ ከጣሊያን ነበር፣ ፍቺው ግን የእሱ ሆነና፣
«ካሚሻ ሸሚዝ ነው» ይለኝ ነበር፣ «ፒስተን ሸሚዝ ካጠበቀ፣
ደረቱ ሲነፋ ቁልፉ ይበጠሳል፤ በቃ፣ ነገር አለቀ።
ፋሻም ፋሻ ነው፣ ቁስል የሚያስር፤
ሲጠብቅ ግን እጅ ያደርቃል፣ ቁስሉ ሳይሽር።»

ስለዚህ፣ ላቀው ቆሞ እያየ፣
አንዷን ፋሻ ብቻዋን ካሚሻው ውስጥ ከተትኩ፣
በፒስተን አናት ገፍቼ አቃናኋት፣
ስፔሶሩን ባፏ መሃል ሰደድኩ።
ሃያ መቶኛ። ጠባብ።
ሞረድ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ፣ አንዴ፣ ሁለቴ።
ሠላሳ።
«ኧረ ጨረስሻት!»
ገና ነኝ።
አርባ። አርባ አምስት።
እዚህ ላይ ተውኩ።
ያቺ ከጥፍር የሳሳች ክፍተት
ለሸዋሮቢት ቆላ የተተወች ቦታ ናት።
ለአራቱም በየራሳቸው ካሚሻ እንዲሁ አደረግሁ፤
የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም።

ሦስት ጎረቤት ደጃፋቸው ከተያየ ወሬ ይሾልካል፣
የፋሻም አፍ ከተሰለፈ ጢሱ ዘይት ቤት ይወርዳል፤
አዙሬ አለበስኳቸው፣ አንዱ ሌላውን እንዳያይ።

ሲረከበኝ ነገርኩት። «ጠዋት ጠዋት ያንኳኳል፣ ላቀው፣
ብረቱ በርዶት ነው፣ እስኪሞቅ ሳትረግጥ ጠብቀው።»
እሺ አለ። አልሰማም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከች አለ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንደ ነብር፣
«ሞተሬን ገደልሽው! ስሚው፣ እንደ ሰካራም ሲደበድብ በር!»
ቋ፣ ቋ፣ ቋ።
መልስ አልሰጠሁም። ከጎረቤት ሻይ አስመጣሁ፣
በርሜል ገልብጬ አስቀመጥኩት።
ብርጭቆው ግማሽ ሲደርስ ቋታው ሳሳ።
ሲያልቅ ጠፋ።
ላቀው ብርጭቆውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣
ከዚያ ብዙ ጊዜ ጫማውን አየ።
(ሦስት ሺህ ብር ቀርቶብኝ ነበር፤
ያን ዕለትም አልከፈለኝም።)

አሁን ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣
ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣
ከመናኸሪያ የሚወጣውን ሁሉ እሰማለሁ።
ሌሎቹን አልለያቸውም፣ የእሱን ግን አውቃለሁ፤
ቋ ቋ ቋ፣ ቁር ያኮማተረው ብረት
ልኩን ሲፈልግ፣ ረዳቱ «አጣዬ! አጣዬ!» ሲል።
እቆጥርለታለሁ።
መቶ ሃያ። መቶ ሠላሳ።
ከከተማው ሳይወጣ፣ ወደ ጣርማበር ጉም ሳይደርስ፣
መንኳኳቱ ይቆማል፤
ሞቀ እላለሁ፣
ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።