ሠላሳ ስድስት

ካሜራዋን የገዛኋት ቤርሳቤህ፣ ሐሙስ ገበያ፣
ከዛገ መፍቻ፣ ከተሰበረ ሬዲዮ፣ ከአሮጌ ጫማ ወዲያ፤
ብርድ ልብስ ላይ ተኝታ፣ ቆዳዋ ተልጦ፣
አርካዲ የሚባል ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጦ።
ዕብራይስጡ ከእናቴ ዕብራይስጥ ይከፋል፤
ዋጋ ሲቀንሱበት ዓይኑን ጨፍኖ ያልፋል።
ሰባ ሼቄል ሰጠሁት። ሦስት ጥቅል ፊልም መረቀ፤
«ጊዜያቸው አልፏል፣ እንደ እኔ» ብሎ ሳቀ።
ከሦስቱ የአንዱ ምላስ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር፤
ማን ልብ ይበለው፣ ሊያወራ እንዳሞጠሞጠ ከንፈር።

እኔ የአምስት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤
ቀኑን ሙሉ ሰው በመስታወት ነው የሚታየኝ።
ጀርባዬን ያውቁታል፤ ፊቴን ግን አያውቁ፤
ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ሳያዩኝ እየሳቁ።
በስልክ ሺ ጊዜ ይነሳል፤ ሺ ጊዜ ይረሳል፤
ፊልም ግን ሠላሳ ስድስት ነው፣ ጣት ያሳሳል።
ሠላሳ ስድስት ጊዜ ብቻ ታያለህ። ከዚያ በኋላ
ዓይንህ እንደ ማንም ሰው ዓይን ነው፣ ተላላ።

ግንቦት ሲያልቅ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፤
ከስዴ ቦከር ወዲያ አስፋልቱ ከዳኝ፣ በአቧራ ደረስኩ።
በሳምንት የበቀለ ከተማ፣ በአንድ ሌሊት የሚነቀል፤
ውሃው፣ ሐብሐቡ፣ ጥላው ሳይቀር የማይሸጥ፣ የሚታደል።
ያራ የምትባል ልጅ፣ አመድ የተቀባች፣
«እንካ ወንድሜ» ብላ ሐብሐብ አጎረሰች።
ጺማም ጎልማሳ የሙሽራ ቀሚስ ለብሶ ብስክሌት ይነዳል፤
ቀሚሱ በሰንሰለቱ ሲያዝ ይራገማል፣ ደግሞ ይሄዳል።
እኔን «እስክስታ አሳየን» አሉኝ፣ ዙሪያዬን ከበው፤
አልችልም ብል ማን ይመነኝ፤ የእኔ ትከሻ መሪ ነው የለመደው።
ሰው ላነሳ ሄጄ እኔው ተነሳሁ፤
አሥራ አንድ ዓመት ወንበር ላይ መቀመጤን ረሳሁ።

በመጨረሻው ሌሊት ዓሣ ነባሪው ነደደ፤
ሦስት ፎቅ የሚያህል እንጨት፣ ከጅራቱ እስከ ዓይኑ እየፈነዳ ወረደ።
ባሕር የለ፣ ዮናስ የለ፤ ሰው ብቻ ዙሪያውን፣
ፊቱ ቀልቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ረስቶ የነገውን።
ሠላሳ ስድስተኛዋን ተጫንኩ፤ ቀጭ አለች።
ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለማንም ማሳየት አልችልም።

ቤቴ ገብቼ፣ ሻወሩን አጨልሜ፣ ፊልሙን አጠብኩ፤
አምፖል ሥር ዘረጋሁት። ደነገጥኩ።
ኔጋቲቭ ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ ጥቁሩ ነጭ ነው፣ ነጩም ጥቁር፤
በዚያች ጥብጣብ ብቻ ሰው በመልኩ አይመረመር።
ግን አቧራው ላይ በረዶ ጥሏል፤
እሳቱ መሐል የትራም ሐዲድ ተዘርግቷል።
አንዲት ሴት፣ የፀጉር ቆብ የደፋች፣ ጓንቷን አውልቃ፣
ዓሣ ነባሪው ሆድ ውስጥ ትስቃለች፣ ከወገብ በላይ ደምቃ።
የያራ እጅ ከነሐብሐቡ የተዘረጋው ወደ እሷ ነው፤
ልትጎርስ ነው፤ በመሐላቸው ያለው ሠላሳ ክረምት ነው።
ለካ ያ ምላስ የወጣው ጥቅል አንዴ ተነስቶ የቆየ፣
ሌላ አገር፣ ሌላ ብርድ፣ ሌላ ሰው ያየ።
ሠላሳ ስድስተኛዋ ተቃጥላለች። ብርሃን ገብቶባታል፤
የእሳቱ ይሁን የእኔ ጥፋት፣ ማን ያውቃል።

ሐሙስ ወሰድኩለት። አርካዲ መነጽሩን ፈልጎ አጣ፤
ፎቶውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ ድምፅ ሳያወጣ
ብዙ ቆየ። ደንበኛ መፍቻ አንስቶ ዋጋ ጠየቀው፤
በእጁ «ሂድ» አለው እንጂ ቀና ብሎም አላየው።
«ቬራ» አለ በመጨረሻ፤ «ሙቀት አትወድም ነበር።»
እሳቱን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ ሊነሣለት ይመስል ነበር።
«ስንት ልክፈል?» አለኝ፣ እጁ ኪሱ ውስጥ እየተርበተበተ፤
«መረቅሁልህ» አልኩት።
የአምስት ቁጥር ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሄድኩ።
ዞር ስል ሬዲዮዎቹን እያስተካከለ ነው።
ፎቶውን ግን ብርድ ልብሱ ላይ፣ ከዕቃው ጋር፣ አላኖረውም።