ግራ ጓንት

ግሬኖብል፣ ሁለቱ ወንዞች ከሚጋጠሙበት፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ኑንዚያ የእጅ ሰዓቷን ፈታች፣
ቀበቶዋን፣ የፀጉር መርፌዋን፣ ከደጅ አስቀመጠች፤
ከውስጥ ብረት አይገባም፣
አንዲት ምስማር ብትገባ
በማግኔቱ ላይ በሐሰት ትመሰክራለች።

ኒውትሮኖቹ በጨለማ ማሰሮ ታጉረዋል፣
ከብርድ ብዛት ዝግ ብለው፣ ሯጭ ይቀድማቸዋል፤
እንደ እንዝርት ይሾራሉ፣
ሦስት ደቂቃ ይጠበቃሉ፣ ወጥተው ይቆጠራሉ።
በእያንዳንዳቸው ሆድ ሦስት ኳርክ ታስሯል፣
ገመዱ ሲራራቁ ይከርራል፣ ሲቀራረቡ ይላላል።
የሚጠየቀው ይህ ነው፦
ገመዱን የገመደው እጅ ለአንድ ወገን ያደላል?
ኒውትሮኑስ፣ በኤሌክትሪኩ ፊት፣ የፀጉር ያህል ያዘነብላል?

ሕጉ አይከለክልም። በስሌቱ መሀል አንዲት ማእዘን አለች፣
የፈቀደችውን ቁጥር መሆን ትችላለች፤
ታዲያ ማን ገፍቷት፣ ማን ይዟት
ዜሮ ላይ ቁጢጥ አለች?
ደካማው ኃይል ግራኝ ነው፣ ከታወቀበት ቆየ፣
መስታወት ፊት ቢያቆሙት የራሱን መልክ አላየ።
ብርቱው ግን፣
ብርቱው እስከ ዛሬ ሲያዳላ አልተያዘም።

የኑንዚያ እናት ጓንት ትሰፋ ነበር፣
ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ዳር፣
የግልገል ቆዳ፣ በደርዘን ሒሳብ፣
"ግራው ለግራ፣ ቀኙ ለቀኝ" እያለች ልጇን ታስቆጥር።
አንድ ክረምት ግራ ጓንት ብቻውን ተርፎ ተገኘ።
ቀኙ ከአልጋ ሥር ተፈለገ፣ ከመሳቢያ ተፈለገ፤ የለም።
ነጋዴው የጥንዱን ዋጋ ቆረጠ።
እናቷ ግን ትርፉን አልጣለችም፤
ኑንዚያ ለበሰችው፣
ክረምቱን በሙሉ አንድ እጇን እየሞቃት።

"እኛም እንደዚያ ነን" ይላል ባስቲያን፣ ተረኛው ወጣት፦
ቁስና ፀረ ቁስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰፍቶ፣
ጥንዱ እርስ በርሱ ተላልቆ ጠፍቶ፣
ከቢሊዮን አንድ ግራ ጓንት ተረፈ፤
ከዋክብት ሆነ፣ ወንዝ ሆነ፣ እጅ ሆነ።
መቼም አንድ የተዛባ ነገር ነበረ፣
የት ነው ያለው?

ሊነጋ ሲል ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤
ዜሮ። የትናንቱ፣ የካቻምናው ዜሮ እንደገና መጣ፣
ብቻ የጥርጣሬው ወሰን ትንሽ ጠቧል።
ባስቲያንን ግራ ገባው።
ኒውትሮኑን ግን ግራ አልገባውም።

ኑንዚያ እጆቿን በእስትንፋሷ አሞቀች፣
መጀመሪያ ቀኙን፣
የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ገለበጠች፣
ማሰሮውን ሞላች።