አንድ ፍሬ

ማሽላው ሲያሸት በቀወት ቆላ፣
ከርከሮ መጥቶ ሌሊት ሲበላ፣
ጋሼ እንግዳሸት ማማው ላይ ወጥቶ
ውጅግራ ታቅፎ ያነጋል ነቅቶ።

ዝናሩ ሠላሳ ኪስ አለው፤
ሃያ ዘጠኙ ክር፣ ወስፌ፣ ነፋስ ነው።
በሠላሳኛው አንዲት ፍሬ አለች፣
እንደ አውራ ጣት የወፈረች፣
ናሷ አረንጓዴ ያወጣች።

ሸዋ ሮቢት ወርጄ ጠየቅሁለት።
ሻጩ ሳቀ።
«የዚች እኩያ ድሮ አለቀ፤
ቀለሁንማ አንጥረኛ ለቀለበት ጨረሰው።
ክላሽ ግዛለትና ሰውየውን ገላግለው።»

ስነግረው ዝም አለ።

ከርከሮው ገባ፤ አገዳ ሲሰበር ይሰማል፣ ቀሽ፣ ቀሽ።
አነጣጠረ። ትንፋሹን ያዘ። እኔም ያዝኩ።
ጣቱ ምላጩ ላይ ቆየ፣ ቆየ፣
ከዚያ ፍሬዋን አውጥቶ
በጋቢው ጫፍ ወለወላት፤
ወደ ኪሷ መለሳት።

«ብትከሽፍስ ብለህ ነው?» አልኩት።
«ብትተኮስስ?» አለኝ።
«እሷ እያለች ይህ ጠመንጃ ነው፤
እሷ ከወጣች ምርኩዝ ነው፣
እኔም ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ።»

ጎንበስ ብሎ ወንጭፉን አነሳ፤
ማማው ጥግ ከተቆለለው ድንጋይ
በዳበሳ አንዱን መረጠ።