ሠላሳ ሰባተኛው ሥዕል

ጉሙ መስኮት ሲልስ፣ ወደቡን ሲሸፍን፣
ቫልፓራይሶ ላይ፣ ዳገቱ ሲታፈን፣
ሊሳንድሮን አንስቼ ወንበሩ ላይ ላኖር፣
አንገቱን በትራስ፣ ወገቡን በጠፍር፣
ስክሪኑን ከፊቱ አንድ ክንድ አርቄ፣
ሌንሱን በሻርፔ ጫፍ ወልውዬ አድርቄ፣
«እንግዲህ እይ!» እላለሁ፤ ቀይ መብራት ይበራል፤
ብሌኑ በዞረበት ማሽኑም አብሮ ይዞራል።

ሠላሳ ስድስት ሥዕል፦ ውኃ፣ ዳቦ፣ እናት፣
ባሕር፣ በሬ፣ በቃኝ፣ ጨምሪልኝ፣ ሽንት።
አንድ ያላየሁት ሰው፣ ከቢሮው ተቀምጦ፣
የልጅ ዓለም ይህ ነው ብሎ ሰጠን ቈርጦ።
ድምፁ የጎልማሳ፣ ዜና አንባቢ የመሰለ፤
የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚያ ድምፅ እንዲህ አለ፦

«በሬ።»

በሬ? እዚህ ዳገት ላይ? ደረጃ በሞላበት?
ድመትና ውሻ እንጂ ሌላ ባልረገጠበት?
ዶሚቲላ ሳቀች እንባዋ እስኪመጣ፤
እኔም «ስህተት» አልኩኝ መዝገቤን ሳወጣ።
በማግስቱ «በሬ»። ሐሙስ ደግሞ «በሬ»።
ሦስት ሳምንት ሙሉ «ስህተት» ጻፈ ብዕሬ።

ከሳንቲያጎ መጣ ባለሙያ ተጠርቶ፤
ካሜራውን ፈቶ፣ ገጥሞ፣ ደግሞ ፈቶ፣
«ማሽኑስ ደኅና ነው» አለ፤ ልጁን ግን አላየው፤
እኔም ያንኑ አመንኩ፤ ጥፋቱን በልጁ ዓይን አላከክነው።

ሰኔ ላይ አንድ ማለዳ ጉሙ ጠነከረ፤
ክፍሉ ከወትሮው ይልቅ ጸጥ ብሎ ነበረ።
«ባሕር» አለ። ቆየ። «በሬ» አስከተለ።
ያኔ ከማይታየው፣ ከወደቡ በኩል፣
አንድ ጥሩንባ፣ ረጅም፣ ወፍራም፣ ሆድ የሚፈነቅል፣
እምቧ አለ።

መርከብ ነው። የጉም ቀን እንዳይጋጭ ይጮኻል።
አርባ ዓመት ስሰማው ጆሮዬ ደንዝዟል።
አባቱ ኤቫሪስቶ፣ ከጎታች ጀልባው ላይ፣
እዚያ ጉም ውስጥ ነበር፣ ለማንም ሳይታይ።
ደብተሬን ገለበጥኩ፤ ቀኖቹን ቆጠርኩኝ፤
«ስህተት» ያልኩት ሁሉ የጉም ቀን ሆነብኝ።

ያን ማታ ይቅርታ የምጠይቅ መስሎኝ፣
ሠላሳ ሰባተኛ ሥዕል፣ መርከብ፣ ጫንኩኝ።
ጠዋት ጉም። ጥሩንባ። ሊሳንድሮ መርከቡን አየው፤
እንደ እንግዳ ሰው ከጫማው እስከ ባርኔጣው ቃኘው፤
ከዚያ ትቶት ሄደ።
ቀዩ መብራት ዞረ፣
በሬው ላይ አረፈ፣
እዚያው ላይ ከረመ።

«በሬ» አለ ማሽኑ፣ በዚያ በዜና ድምፁ።
ልጁ ግን ሳቀብኝ፣ እስኪናወጥ እግሩ፣ ትከሻው፣ ፊቱ።

ደብተሩን ዘረጋሁ። «ትክክል» እና «ስህተት»፤
ሁለት ዓምድ ብቻ። በእርሳስ ሦስተኛ አሰመርኩለት።
ርእስ ሳላወጣለት
«ዳቦ» አለ፤ «ጨምሪልኝ»።
ሄድኩ፣ ቅቤ ልቀባለት።