ገብስ ለብቻ፣ ሽንብራ ለብቻ

ጭጋጉ ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን ሲያለብስ፣
ቆሎዬን ታቅፌ ስጠብቅ የደሴውን አውቶቡስ፣
ደስይበለው ከእግሬ ሥር ተቀምጦ ይለቅማል፤
ገብሱን ከሽንብራው፣ ሱፉን ከለውዙ ይለያል።
ሌሊቱን ፈትጌ፣ ቆልቼ የቀየጥኩትን
ፍሬ በፍሬ ይፈታዋል፣ ድካሜን።

«ቅይጡን!» ይለኛል መንገደኛ፣ ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ፤
ቅይጥ የለም። ይሄዳል፣ ብሩን ኪሱ ከቶ።

ሲኖትራክ ጥሩምባውን ሲነፋማ፣
ጆሮውን ደፍኖ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል፤
ከመኪናው ይብሳል ጩኸቱ ለሚሰማ።
«ጠበል ውሰጂው» ይሉኛል። ወስጄው ነበር፤
ውኃው ሲነካው የጮኸው እስካሁን አለ፣ ጆሮዬ ሥር።

እማ ብሎኝ አያውቅ። ዓይኔን አያይም።
ትናንት ግን፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሲመሽ፣ ምንም
የምሠራው ሲጠፋኝ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ለቀምኩ፤
ተሳስቼ አንዲት ሽንብራ ከገብሱ ጣልኩ።

ጣቴን ያዘ።
በገዛ ጣቴ አነሳት፤
ከእህቶቿ መለሳት።
ሳቀ ደግሞ፣ ወደ ቆሎው እንዳጎነበሰ።

ሰባት ዓመቱ ነው። እጄን ሲነካኝ ገና ትናንት።
እና እኔ፣ ሆን ብዬ፣
አንድ ሌላ ሽንብራ ጣልኩ፣ ከገብሱ ቀላቅዬ።