ጥርሱ የወለቀ ጌታ

ሐሙስ ቀን ሂርማታ፣ በሐምሌ መካከል፣
ጭቃው እንደ አበዳሪ እግር ይዞ ሲታገል፣
እኔ ከሸራዬ ሥር የአይሱዙ ጎማ እየሰነጠቅሁ፣
«በረባሶ፣ አርባ ሁለት ቁጥር» ላለኝ ሰው እየለካሁ፣
አንዲት ሴት መጣች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ።

ኪኑዮ ትባላለች፤ እርሻ ኮሌጁ ውስጥ
ስለ ቀርከሃ ታስተምራለች፤ ይህን ያለኝ አባ ፊጣ ነው፣
ከማዶ ጨው የሚሸጠው፣
የሰው ታሪክ ከሰውየው ቀድሞ የሚደርሰው።

ጋዜጣውን ፈታችው።
ጫማ ነው። እንጨት ነው። ሁለት ጥርስ ነበረው፣
አንዱ ወልቋል።
ስንት ዘመን ሰፋሁ፣ ስንቱን ሶል ለጠፍኩኝ፣
ጥርሱ የወለቀ ጫማ ግን ገና ዛሬ ገጠመኝ።

«ስሙ ማነው?» አልኳት።
«ጌታ» አለችኝ።
«ማን?»
«ጌታ።»
አባ ፊጣ ጨው መስፈሩን ተወ።

እኛ ጌታ የምንለው ከላይ ነው፣ ወይ ከፎቅ፣
ወይ በሰው ትከሻ ተንጠላጥሎ የሚዘልቅ፤
የእነሱ ጌታ ግን እታች ነው፣ ከተረከዝ ሥር፣
ጭቃውን እሱ ይረግጣል፣ እግሯን እንዳይነካት አፈር።
እንዲህ ያለ ጌታ፣ ብድግ አድርጎ የሚሸከም፣
በዚህ ገበያ ስፈልግ ኖሬ አንድ ቀን አላገኘሁም።

አገላበጥኩት። ግራው የቱ ነው? ቀኙስ?
«ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ግራ የለውም» አለችኝ።
ግራ የሌለው ጫማ ይዤ
ግራ ገባኝ።
(አምና አንድ የሰቃ ሰው «ሁለቱንም ግራ ሠራህብኝ» ብሎ
ሲጮህብኝ ይህን ባውቅ ኖሮ!)

ዋንዛ ፈልጬ ጥርስ መቅረጽ ጀመርኩ።
እሷ በካርቶን ላይ እርሳስ እያስኬደች
የአገሯን ጫማ በየስሙ ጠራች።
ከገለባ የተጎነጎነው፣ ጠፍጣፋው፣ «ዞሪ» ነው፤
ዞሪ ቢላት ይሆናል ዞራ ዞራ እዚህ የደረሰችው።
የመንገደኛውን የገመድ ጫማ «ዋራጂ» ስትል
የባጃጁ ልጅ ሰምቶ «ወራጅ አለ!» ይላል።
ሳቅን። እሷም ሳይገባት ሳቀች።
አስረዳናት፣ እንደገና ሳቀች፤
የሁለተኛው ሳቅ ይበልጣል።

ዋራጂ ቶሎ ያልቃል አለች፤ መንገደኛ ትርፉን ከወገቡ ያንጠለጥላል፣
ያለቀውን ከመንገድ ዳር ጥሎ፣ አዲሱን አስሮ ይቀጥላል።
የእኔ አያልቅም፤ ችግሩም እሱ ነው፤
አንዴ በረባሶ የገዛኝን ሰው ዳግም የማየው በልጁ ሠርግ ነው።
ህንድ አገር ማሰሪያ የሌለውም አለ፣
በሁለት ጣት መሃል አንዲት ጉጥ ነክሶ መሄድ።
ሜክሲኮ ደግሞ እንደኔ ጎማ ቆርጠው ይጫማሉ፤
ዘመድ እንዳለኝ አላወቅሁም ነበር፣
እነሱም አያውቁ ይሆናል።

ማሰሪያው ሐር ነበር። ሐር ከየት አባቴ ላምጣ?
ከነመዳሪ ቀድጄ፣ በሦስቱ ቀዳዳ አሾልኬ ቋጠርኩ።

ተጫማችው። ድንጋዩ ላይ ወጣች።
ቋ… ቀ… ቋ…
እጄ ቆመ።

ጂሬን ሽቅብ፣ ከመስጊዱ ጓሮ፣ በርሜሉ አጠገብ፣
አባቴ የጠረባቸው የእንጨት ነጠላዎች፣ ለውዱ፣
የማንም ያልሆኑ፣ የመጣ ሁሉ የሚያጠልቃቸው፣
ንጋት ላይ በእርጥብ ድንጋይ፤
ቋ… ቀ… ቋ…
ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በኮቴ ሰው እለይ ነበር፤
ይሄ ሼህ ነዚፍ፣ ይሄ የሚያነክሰው አባ ቦር፣
ይሄ አባቴ፣ ተረከዙን የሚጎትተው።
ከዚያ ፕላስቲክ መጣ። ሸበጥ ድምጽ የለውም።
አባቴ በየትኛው ንጋት እንደቀረ አልሰማሁም።

«ስንት ነው ሒሳቡ?» አለችኝ።
«እስከ አስፋልቱ ደርሰሽ ተመለሺ» አልኳት።
ሄደች። አንዱ ጥርስ የአገሯ፣ አንዱ የጅማ ዋንዛ፣
አንዱ ቀጭን ድምጽ፣ አንዱ ወፍራም።
ስትመለስ ተረከዟን ትጎትት ነበር፤
ማሰሪያውን አላልቼው ኖሯል።
ላጥብቀው ብዬ ጎንበስ አልኩ፤
ከዚያ ቀና ብዬ፣
«አንዴ ድገሚ» አልኳት፣
«ከዚያ አጠብቀዋለሁ።»